ጥያቄና መልስ፦ ቲነርና ጆሮን ምን አገናኛቸው?

ቀለም ቀቢው፦ ጋሼ፣ መኪና የምቀባው በስፕሬይ ነው። ኮምፕሬሰሩ ያን ያህል አይጮህም። ሰው ሲበዛ ግን ወሬ አልሰማ አለኝ። ከምን ይሆን?

መላሽ፦ ጎሽ! ሁሉም ጩኸቱን ብቻ ነው የሚከሰው። ቲነር ውስጥ ብዙ ጊዜ ቶሉይንና ዛይሊን የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ። ፋይበርግላስ የሚሠሩት ደግሞ ስታይሪን የሚባል ሌላ ኬሚካል ይስባሉ። ትነቱ በሳንባ ይገባል፣ በደም ጆሮ ይደርሳል። ውስጠኛው ጆሮ ላይ ድምፅ የሚቀበሉ ፀጉር መሳይ ሴሎች አሉ፤ እነሱን ይጎዳል። የእኛ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። (የወፎች ይተካሉ። ታድለው!) ጩኸት ከተጨመረበት ጉዳቱ ከሁለቱ ድምር ሊበልጥ ይችላል። ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደውን መስመርም ሊነካ ይችላል። ያኔ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ስትመረመር «ደህና ነህ» ትባላለህ፤ ጫጫታ መሃል ግን ወሬው ይምታታብሃል። ስለዚህ ለሐኪሙ ምን ስትተነፍስ እንደምትውል ንገረው። ጫጫታ ውስጥ ንግግር የመለየት ምርመራም ጠይቅ።

አናጺዋ፦ የጆሮ መሰኪያ ካደረግሁስ?

መላሽ፦ መሰኪያ ጩኸት ይቀንስልሻል። ትነት አያስቀርም።

ብረት ቆራጩ፦ አደጋው ከስንት ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) ይጀምራል?

መላሽ፦ 85 ለ8 ሰዓት። 3 በጨመረ ቁጥር ሰዓቱን በግማሽ ቀንስ፤ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2። ልኩ ግን ለጩኸት ብቻ የወጣ ነው። ኬሚካል ካለ አትተማመኑበት።

ኦፕሬተሩ፦ የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ እኮ 90 ነው የሚለው!

ብረት ቆራጩ፦ የእዚያው አገር የሥራ ጤና ምርምር ተቋም፣ ኒዮሽ፣ 85 ይላል።

ኦፕሬተሩ፦ ኒዮሽ ምክር ነው። ኦሻ ሕግ ነው።

ብረት ቆራጩ፦ ጆሮህ ሕግ አንብቦ ነው የሚደነቁረው?

መላሽ፦ ሁለታችሁም ያላችሁት ልክ ነው። በቃ፣ ወደ ጉዳያችን።

አዲስ ገቢ፦ ጆሮዬን ያመኛል። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የቱን? ከመቼ ጀምሮ? ሥራህስ ምንድነው? እንዲህ ተድበስብሶ አይጠየቅም። ሐኪም ይየው።

ጫማ ሠሪው፦ ማስቲሽ ስቀባ የጨርቅ ማስክ አደርጋለሁ። ይበቃል?

መላሽ፦ አይበቃም። ትነት በጨርቅ ያልፋል። አክቲቭ ካርቦን (ትነት የሚይዝ ከሰል) ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ ግጥም የሚል ያስፈልግሃል፤ ማጣሪያውም በየጊዜው ይቀየራል። ከሁሉ በፊት ግን ትነቱን ከምንጩ ስቦ የሚያወጣ አየር ማውጫ። እጅህንም በቲነር አትታጠብ፤ በቆዳ ይገባል።

ኦፕሬተሩ፦ ካሳ ይገኝበታል?

መላሽ፦ ጠበቃ ጠይቅ።

አዲስ ገቢ፦ መሰኪያ ካለኝ ግን ቲነሩ ችግር የለውም አይደል?

መላሽ፦ ኧረ በፈጠራችሁ፣ ከላይ አንብቡ! መሰኪያ ትነት አያስቀርም።