ቆጥሬ የፈረምሁት

ይድረስ ሙያውን ለምትጀምሩ ወጣት አርክቴክቶች፤

ባለፈው ወር በቅርቡ የተመረቀች አንዲት አርክቴክት ልትጠይቀኝ ቤቴ መጥታ፣ ቡናው እስኪፈላ ስለ ሥራዋ ስታጫውተኝ ቆየችና በመካከሉ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። የምትሠራበት ቢሮ የድሮ ፕላኖቹን በሙሉ ስካን እያደረገ ነው፤ የእርሷም ድርሻ ጥቅሎቹን እየፈታች ለማሽኑ ማቀበል ነው። «ጋሼ፣ ስካን ካደረግነው በኋላ ወረቀቱን ብንጥለው ምን ይጎዳል? ቦታ እኮ ይዞብናል» አለችኝ። ለሌላ ጥያቄ ቢሆን መልሱን ቶሎ እሰጣት ነበር፤ ለዚህ ግን አፌ ተሳሰረ። ላስብበት ብዬ ሸኘኋት። ደብዳቤው ለእርሷ የታሰበ ነበር፤ ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ሳይሆን እንደማይቀር ስለ ገመትሁ ለሁላችሁም ጻፍሁት።

ነገሩ የሆነው በ1977 ዓ.ም. በሰኔ ወር ነው። ልደታ ካለው ሕንፃ ኮሌጅ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ፣ በአንድ የመንግሥት የዲዛይን መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ሊዛወር ስለ ነበር፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ከመግባቱ በፊት በምድር ቤቱ ያለው መጋዘን ተራግፎ ቁልፉ እንዲመለስ ታዘዘ። መጋዘኑን የሞላው ግን የእኛ ሥራ አልነበረም። አብዮቱ ከመጣ፣ በተለይም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ፣ ገንዘብ አውጥቶ ቤት የሚያሠራ ሰው ሲጠፋ ፕላን የሚያሠራም ጠፋ፤ የግል አርክቴክቶች ቢሮዎች እየተዘጉ፣ የውጭ አገር ሰዎች የሆኑት ባለቤቶቻቸውም ወደየአገራቸው እየተመለሱ፣ ትተውት የሄዱት ወረቀት በጭነት መኪና ተግዞ እኛ ምድር ቤት ውስጥ ተከምሮ ነበር። ማን እንዳመጣው እንጂ ለምን እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሦስት አባላት ነበሩት። አንዱ ከሒሳብ፣ አንዱ ከንብረት ክፍል፣ ሦስተኛው «ባለሙያ» እንዲሆን ደንቡ ያስገድድ ነበርና፣ ከባለሙያዎቹ ሁሉ ታናሽ ስለ ነበርሁ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ስንቆጥር ከረምን። ከቆርቆሮ በተሠሩ ረጃጅም ቱቦዎች ውስጥ የተከተቱ፣ በሲባጎ የታሰሩ፣ ጫፋቸውን አይጥ የበላቸው ጥቅሎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ተራ ትሬሲንግ ወረቀት ሲሆኑ፣ አሮጌዎቹ ግን በስስ የጥጥ ጨርቅ ላይ በቀለም የተሣሉ ነበሩ። እናንተ የንድፍ ጨርቅ የሚባለውን አይታችሁት ላታውቁ ትችላላችሁ። በስታርች ተለብጦ እንደ ብርጭቆ የሚያንጸባርቅ፣ ቀለም የማያሰርግ፣ ቢያጥፉት የማይሰበር ድንቅ ነገር ነበር። የጽዳት ሠራተኞቹ እኛ የማናውቀውን አንድ ጥበብ ያውቁበት ነበር፤ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ሲያሳድሩት ስታርቹም ሥዕሉም ይለቅና የሚቀረው ጨርቅ ለሕፃን መጠቅለያ የሚሆን ለስላሳ ጥጥ ነው። በዚያ ዘመን ጨርቅ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ስለዚህ «ይወገድ» የሚለው ውሳኔያችን ሲሰማ በእነርሱ ዘንድ ደስታ ሆነ፤ እኔም ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ሁሉ ጥቅል ለሰው የጠቀመው ይኸው ክፍል ብቻ ነው፤ ቀሪው በኪሎ ተሽጦ የመርካቶ ስኳርና ጨው መጠቅለያ ሆነ።

የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ «ጋሽዬ» እንላቸው ነበር። በወጣትነታቸው ለአንድ ጣሊያናዊ አርክቴክት በተላላኪነት ሠርተው፣ ቋንቋውንም ፕላን ማንበቡንም እዚያው የተማሩ ሰው ናቸው። ወረቀቶቹ ወደ እኛ ሲመጡ ማንም ሳያዛቸው እያንዳንዱን ጥቅል በአንድ ትልቅ ባሕር መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጥተው መዝግበውት ኖሯል። በሦስተኛው ቀን፣ ቅጹ ላይ «አገልግሎት የማይሰጡ አሮጌ ፕላኖች፣ 214 ጥቅል» ብዬ ጽፌ ልፈርም ስል አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ልጄ፣ አንብበህ ነው የምትፈርመው ወይስ ቆጥረህ?» አሉኝ።

«ቆጥሬ ነው፣ ጋሽዬ።»

«ቁጥሩማ እኔም ዘንድ አለ» አሉና ከጥቅሎቹ አንዱን አንሥተው ፈቱት። የመሠረት ዝርዝር ነበር። በጥቁር ቀለም ከተሣለው መስመር ሥር፣ በአንደኛው የኮለን (የምሰሶ) ረድፍ ላይ፣ ሌላ እጅ በቀይ ቀለም መሠረቱን ወደ ታች አርዝሞ፣ በጎኑ በጣሊያንኛ አንድ መስመር ጽፎበታል። ምን እንደሚል ጠየቅኋቸው። «መረሬው አላለቀም፣ ውረዱ ይላል» አሉኝ። ሲቆፍሩ ጥቁሩ አፈር ከተገመተው በላይ ጠልቆ ስላገኙት፣ በዚያ ረድፍ ብቻ ወደ ጠንካራው መሬት እስኪደርሱ መውረዳቸው ነው። አደነቅሁ፤ የእጅ ጽሑፉ ውበትም ማረከኝ። ከዚያም ጠቀለልሁት፤ ከሌሎቹ ጋር ደረደርሁት፤ ፈረምሁ። የየትኛው ሕንፃ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ስለ ዝውውሩ፣ በአዲሱ ሕንፃ ስለሚደርሰኝ ባለ መስኮት ክፍል እያሰብሁ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። በ1989 ዓ.ም. የራሴን ትንሽ ቢሮ ከፍቼ ሳለ፣ በከተማችን ካሉት ወንዞች በአንዱ ዳር ባለ ተዳፋት ላይ የቆመ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሁለት ፎቅ ልጨምር ያለ ደንበኛ መጣልኝ። ፕላኑ ማዘጋጃ ቤትም ባለቤቱ ዘንድም አልተገኘም። ምርጫ ስላልነበረን ከኮለኖቹ አጠገብ ጉድጓድ እያስቆፈርን መሠረቱን ማየት ጀመርን። አራቱ ጉድጓዶች ላይ የመሠረቱ ግርጌ ሁለት ሜትር ሳይሞላ ተገኘ። በአምስተኛው ላይ ግን ቆፋሪዎቹ ሦስት ሜትር ወርደው ኮንክሪቱ ቁልቁል እንደ ቀጠለ ነው፤ ውኃም ማመንጨት ጀመረ። ፎርማኑ ከላይ ሆኖ «ምን ይሻላል፣ እንውረድ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ያ ቀይ መስመር ከነጽሑፉ ፊቴ ላይ መጣ። እግሬ ከዳኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ይኸው ሕንፃ ይሁን ሌላ ግን ማረጋገጥ አልቻልሁም፤ የማውቀው በዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ረድፉ ወደ ታች የረዘመ ሕንፃ መኖሩን ብቻ ነበር።

ጋሽዬን ፍለጋ ጉለሌ ሄድሁ። ከዓመት በፊት አርፈዋል። ልጃቸው ተቀብላኝ፣ የመጣሁበትን ስነግራት ከአልጋ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ባሕር መዝገቡ ነው። ጥቅሎቹ ከተወገዱ በኋላ መዝገቡም አገልግሎት እንደማይሰጥ ተነግሯቸው ወደ ቤታቸው ወስደውት ኖሯል። ሕንፃውን በቦታውና በባለቤቱ ስም ፈልጌ ቁጥር 88 ላይ አገኘሁት፦ «የመሠረት ዝርዝር፣ 6 ቅጠል፣ በቀይ የታረመ።» በመጨረሻው ዓምድ በዚያው ጥንቁቅ ጽሕፈታቸው «ተወግዷል» ተብሎ፣ ቀኑና የእኔ ስም ሰፍሯል። በ214ቱም መስመር ላይ ስሜ አለ። «እንደ ላይኛው» በሚለው የዲቶ ምልክት እንኳ አላለፉትም።

መዝገቡ የመሠረቱን ስፋትም ሆነ በውስጡ ያለውን ፌሮ አይነግረኝም ነበርና፣ ደንበኛዬ የፈለጋቸው ሁለት ፎቆች ቀርተው አንድ ቀላል ፎቅ ብቻ በብረት አሠራንለት። የጉድጓዶቹን ወጪ ከፈለ። ወጪውን ያስከተልሁበት እኔ መሆኔን አልነገርሁትም፤ እስከ ዛሬም ያወቀ የለም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሲያሳስበኝ ይኖራል። ዝነኛው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባን በዓይኑ ሳያያት፣ ለጣሊያን መንግሥት ሊያቀርበው ብሎ የሞነጫጨረው የከተማ ፕላን አለ። አንዲት መንገድም አልተሠራችበትም፤ እሰየው። ንድፉ ግን ሰውየው ለወረቀቱ አስቀድሞ ባሰበው ፋውንዴሽን ዘንድ ፓሪስ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ያልተሠራው ከተማ ወረቀት ተጠብቆ፣ የተሠራው ከተማ ወረቀት ስኳር ይጠቀለልበታል። የአበርክሮምቢ፣ የዴ ማሪየን፣ የፖሎኒ እየተባለ በየዘመኑ የወጣውን ማስተር ፕላን በክፍል ውስጥ ተምራችሁታል፤ ማስተር ፕላን ብዙ ቅጂ ስላለው በሆነ መደርደሪያ ላይ ይተርፋል። የሚጠፋው በሳይት የተጻፈው ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው፣ በእርሳስ ወይም በቀይ የታረመው፣ የሲሚንቶ እጅ ያረፈበት።

በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአርቱሮ ሜዜዲሚ አፍሪካ አዳራሽ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ታድሶ ሲከፈት ያየ ሰው፣ በአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል መደነቁ አይቀርም፤ እኔም ተደንቄያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኔ ወደ መስታወቱ ፍሬሞችና ወደ ወለሉ ሄደ። ከስልሳ ዓመት በኋላ የትኛው የመጀመሪያው፣ የትኛው በኋላ የገባ እንደሆነ ለመለየት የስንት ሰው ጥንቃቄ ይጠይቃል! ያ ሕንፃ ዕድለኛ ነው፤ ዓለም ያውቀዋል። ማይክል ቴድሮስና ዛልማን ኤናቭ የሠሩትን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንም ታሪክ ጸሐፊ ያስታውሰዋል። ስም የሌለው፣ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሆነው ባለ ሦስት ፎቅ ግን ከፕላኑ በቀር ዘመድ የለውም።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ በስልካችሁ ስታለቅሱ አየኋችሁ። ፎቶግራፉ ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን የፊት ገጽ ነው፤ ደረጃው የት እንደ ነበር፣ ማድቤቱ በየት በኩል እንደሚገባ የሚያሳየኝ አላገኘሁም። ለቅሶ ሜትር ይዞ አይሄድም። ይህን ከጻፍሁ በኋላ ግን ልታረም፤ አቧራ ከጫማቸው ያልጠፋ ሦስት ተማሪዎች ግንብ ሲፈርስባቸው እየዘለሉ ሲለኩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እነርሱን አይመለከትም። ሌሎቻችሁ ግን ፕላን በቴሌግራም እየተላላካችሁ ፋይሉን «ፋይናል»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ ፋይናል»፣ ቀጥሎ «ይኸኛው ነው» ብላችሁ ትሰይማላችሁ። ከአሥር ዓመት በኋላ የትኛው እንደ ተሠራ ማን ሊያውቅ ነው? እኔ ራሴ በዚህ የምመካ አይደለሁም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አውቶካድ በሚባለው የኮምፒውተር መንደፊያ የሠራሁት ሁሉ በፍሎፒ ዲስክ ተቀምጦ፣ ዲስኮቹ ዛሬ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ከመሆን በቀር አያገለግሉም። የተማሪነት ንድፎቼንም ሆን ብዬ አቃጥያቸዋለሁ፤ አልጸጸትም። ሁሉም ነገር ይቀመጥ የሚል ሰው መጋዘን አጽድቶ አያውቅም።

ስለ አቀማመጥ በየቦታው ትማሩታላችሁና አልደግምም፤ አንድ ነገር ብቻ፦ ለአሮጌ ፕላን አዝናችሁ ላሚኔት አታስደርጉት። ፕላስቲኩ ከወረቀቱ ሳይጎዳው አይለቅም። በተረፈ፣ ሳይት ላይ የለወጣችሁትን በዚያው ቀን ከነምክንያቱ በቅጂው ላይ ጻፉት፤ ቀንና ስም ይኑረው። በአሞኒያ የታተሙትን ቅጂዎች ከዋናው ለይታችሁ፣ ብርሃን በማያገኛቸው ቦታ አኑሯቸው። በእኔ ጊዜ የመንግሥት መዛግብትን የሚመለከት እንደ አዋጅ ቁጥር 179/1991 ያለ ሕግ አልነበረም፤ ቢኖርም የምፈርም ይመስለኛል፤ መስኮት ያለው ክፍል እያሰብሁ ነበር ብያችኋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ልጨርስ ስል ልጅቷን ደውዬ አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ ማሽኑ በቀለም ነው የሚያነሣው ወይስ በጥቁርና ነጭ? «በጥቁርና ነጭ ነው፣ ጋሼ፤ ፋይሉ እንዳይከብድ» አለችኝ። ቀዩ መስመር በጥቁሩ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል ማለት ነው፤ የቱ የመጀመሪያው አሳብ፣ የቱ በጉድጓዱ አፍ የተወሰነው እንደሆነ ከእንግዲህ የሚለይ የለም፤ ወረቀቱ ካልተጣለ በቀር። የተጣለ እንዳለ ጠየቅኋት። ሁለት ካርቶን ለቆራሌው ሊሰጥ በር ላይ እንደ ተቀመጠ ነገረችኝ። እስከምመጣ ማንም እንዳይነካው አልኋት፤ ነገ ጠዋት ባሕር መዝገቡን ይዤ እሄዳለሁ።