ከሴዛን ሕይወት ተራራውን ውሰድ

ሰላም ወንድሜ። ደሴ ላለው የትንፋሽ መሣሪያ ቡድናችሁ በፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ሴዛን ሕይወት ላይ ሙዚቃ ልትጽፍ አስበህ፣ «ከልደቱ ልጀምር? የወሎ ቅኝትስ ያስኬዳል?» ብለሃል።

ከልደቱ አትጀምር። ታሪኩን በቅደም ተከተል መተረክ ሙዚቃውን ያደክመዋል። ተራራውን ያዝ። ሴዛን በትውልድ ከተማው በኤክስ አጠገብ ያለውን ሳንት ቪክቷር ተራራ በዘይት ቀለም ብቻ ከ30 ጊዜ በላይ ሥሎታል። ተራራው ያው ነው፤ ብርሃኑ ሲቀየር ግን ሌላ ይሆናል። የደሴውን ጦሳ ተራራ ጠዋትና ማታ የምታይ ሰው ይህ አይጠፋህም።

ስለዚህ አንዲት አጭር ዜማ ምረጥና ደጋግማት፤ ቀለሟን ብቻ ቀይር። መጀመሪያ ክላርኔት በወፍራም ድምፁ ብቻውን ይጫወታት። ቀጥሎ ፍሉት፣ ከዚያ ትሮምቦንና ቱባ። ለዚህ የአምባሰል ቅኝት በጣም ይስማማል። ከዶ ብትነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ቶን ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። ያቺ ከዶ ወደ ሬ ቤሞል ያለችው ጠባብ እርምጃ ሆድ ታባባለች፤ አትቸኩልባት። የባቲን ቅኝት መሃል ላይ ብታስገባ ጥሩ ነው። አራቱንም ቅኝት አንድ ሥራ ውስጥ ማጨቅ ግን አልወድም።

መጨረሻው ተዘጋጅቶልሃል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1906 ሴዛን ደጅ ሲሥል ዝናብ መታው፣ ታመመ፣ በቀናት ውስጥ አረፈ። እዚህ ጋ ከበሮ አታብዛ። የክላርኔቱና የፍሉቱ ተጫዋቾች ሳይነፉ የመሣሪያቸውን ቁልፎች ብቻ ቢነካኩ የዝናብ ጠብታ ይመስላል።

ደግሞ የሲ ቤሞል ክላርኔቱን ኖታ አንድ ሙሉ ቶን ከፍ አድርገህ ጻፍ፤ አለዚያ ከፍሉቱ ጋር አይገጥምም።