ጥያቄና መልስ፦ ትምህርት ያልዘለቁ ጎልማሶች በኢትዮጵያና በኬንያ

የኢትዮጵያንና የኬንያን የረጅም ጊዜ የትምህርት ትንበያ አስመልክቶ ከጎንደርና ከአካባቢዋ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ እሰጣለሁ። ትንበያው በቪየና አቅራቢያ በላክሰንበርግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሥርዓት ትንተና ተቋም ከአጋሮቹ ጋር የሚያዘጋጀው ሲሆን፣ የየአገሩን ሕዝብ በዕድሜ፣ በጾታና በትምህርት ደረጃ ከፋፍሎ እስከ 2100 ድረስ ያሰላል። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ዛሬ በሁለቱም አገሮች አብዛኛው ሕፃን አንደኛ ክፍል ይመዘገባል። ታዲያ በትንበያው መሠረት ባልተማሩ ጎልማሶች ድርሻ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት በ2050 እንኳ የማይጠፋው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የ2050 ጎልማሶች አብዛኞቹ አሁን በሕይወት ስላሉ፣ ብዙዎቹም የትምህርት ዕድሜያቸውን ስላለፉ ነው። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 48 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 28 በመቶ የሚሆኑት ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። በ2014 በኬንያ በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ግን የሴቶቹ 7 በመቶ፣ የወንዶቹ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እነዚያ ኢትዮጵያውያት በ2050 ዕድሜያቸው ከ49 እስከ 83 ይሆናል። ያልተማረ ሰው ቀድሞ የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ በመሆኑ ድርሻቸው በመጠኑ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ዛሬ የሚከፈት ትምህርት ቤት የእነርሱን ቁጥር አይለውጠውም። ኬንያ ከ1974 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ክፍያ ስታነሣ፣ በ2003 ደግሞ አንደኛ ደረጃን በሙሉ ነፃ ስታደርግ፣ በእኛ አገር ሰፊው የትምህርት መስፋፋት የመጣው ከ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው። በእኔ አስተያየት ትንበያው የሚያሳየው የወደፊቱን ከመሆኑ ይልቅ ያለፈውን መዘግየት ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ግን ፈጥነን የለምን?

መልስ፦ ፈጥነናል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች ትምህርት ቤት ያልገቡት በ2000 75 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ግን ከላይ እንዳልኩት ወደ 48 በመቶ ወርደዋል።

ጥያቄ፦ ድርሻው እየቀነሰ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል የሚባለው እንዴት ነው?

መልስ፦ የጎልማሶች ቁጥር ከ100 ወደ 200 ቢያድግና አንደኛ ደረጃን ያላጠናቀቁት ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ ቢወርዱ፣ 60 የነበሩት ሰዎች 80 ይሆናሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 74 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕዝባችን ዛሬ በተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ120 ሚሊዮን በላይ ስለሆነ፣ ሪፖርት ስታነቡ መቶኛውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የወሊድ መጠንም ከትምህርት ጋር የተያያዘ ነው፤ በ2016ቱ ጥናት ያልተማረች ሴት በአማካይ 5.7 ልጆች ስትወልድ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረችው 1.9 ብቻ ትወልድ ነበር።

ጥያቄ፦ አባቴ በጎንደር በኣታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የቤተ ክርስቲያን የዝማሬ ሥርዓት) የተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ እናቴም በደርግ ዘመን በመሠረተ ትምህርት ማታ ማታ በኩራዝ ፊደል ቆጥረዋል። ሁለቱም «ያልተማሩ» ተብለው ነው የሚቆጠሩት?

መልስ፦ የሚቆጠረው በመደበኛ ትምህርት የተጠናቀቀ ክፍል በመሆኑ፣ መደበኛ ትምህርት ቤት ካልገቡ፣ አዎን። ዓመታት የፈጀ የዜማና የአቋቋም ትምህርት በሠንጠረዡ ዜሮ መሆኑ ለጎንደር ሰው የሚዋጥ አይደለም፤ እኔንም ይከነክነኛል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ማንበብን እንጂ ክፍልን አልጨመረም። የትንበያው ስሌት ደግሞ አንድ ሰው ከወጣትነት በኋላ የትምህርት ደረጃው አይለወጥም ብሎ ስለሚነሣ፣ የጎልማሶች ትምህርት በውስጡ ቦታ የለውም። ለንጽጽር ሲባል አንድ ዓይነት መለኪያ መያዙ ተገቢ ነው፤ ሰውን ለመመዘን ግን አይበቃም።

ጥያቄ፦ የሁለቱ አገሮች መነሻ መረጃ እኩል ይታመናል?

መልስ፦ እኩል አይደለም። ኬንያ በ2019 ሕዝቧን ቆጥራለች፤ የእኛ የመጨረሻ ቆጠራ ግን ያው የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ክፍተቱ የሚሞላው በናሙና ጥናት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ በዳባት ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በየቤቱ ይከታተላል፤ ይህ እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም አንድ ወረዳ አገርን አይወክልም።

ጥያቄ፦ በክልላችን በግጭቱ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በትንበያው ገብተዋል?

መልስ፦ በስም አልገቡም። ትንበያው አማራጭ መንገዶች አሉት፤ አንዱ ያለፈው አካሄድ እንዲቀጥል፣ ሌላው ትምህርት በፍጥነት እንዲስፋፋ፣ ሦስተኛው ባለበት እንዲቆም ያስባል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭቱ ሲጀምር ሰባት ዓመት የነበረው ልጅ 25 ዓመት የሚሞላው በ2041 ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው በቆዩበት አካባቢ፣ ለዚያ ትውልድ ያለፈው አካሄድ ይቀጥላል ከሚለው መንገድ ይልቅ ሦስተኛውን አስቀድሜ እመለከታለሁ። ኬንያን ከእኛ ጋር ለማወዳደር የሚሻም ጠቅላላውን ጎልማሳ ትቶ ከ25 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ቢያነጻጽር፣ ለውጡን ቀድሞ የሚያየው በእነርሱ ላይ ነው።