በሁለት ዋቢዎች መካከል የሚገባው ድርብ ሰረዝ

ጥያቄ፦ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን በአማርኛ እየጻፍኩ ነው፤ ዋቢዎቼን የምይዘው ዞቴሮ በተባለው የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም ሲሆን ስታይሉ (የአጠቃቀስ ደንቡ) ኤፒኤ ነው። ሁለት ምንጮችን በአንድ ቦታ ስጠቅስ አንዳንዴ «(አበበ, 1998)(ጫልቱ, 2003)» ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ቅንፍ ገብተው በእንግሊዝኛው ሴሚኮለን ይለያያሉ። አማካሪዬ ድርብ ሰረዝ («፤») እንዳደርግ ነግረውኛል፤ በእጄ ባስተካክለው ግን ተመልሶ ይመጣል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የጠየቁኝ አንድ ነገር ቢመስልም ችግሮቹ ሁለት ናቸው፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው።

ሁለት ቅንፍ የሚወጣው ምንጮቹን አንድ በአንድ፣ በተለያየ ጊዜ ስላስገቧቸው ነው፤ ዞቴሮ እንደ ሁለት ጥቅስ ስለሚቆጥራቸው በመካከላቸው ምንም አያስገባም። ሁለተኛውን ይሰርዙና ጠቋሚውን በመጀመሪያው ላይ አድርገው «አድ/ኤዲት ሳይቴሽን» የሚለውን ይጫኑ፤ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ከመጀመሪያው ምንጭ ቀጥለው ሁለተኛውን ይፈልጉና ይጨምሩ፤ ሳጥኑን ለመዝጋት ኢንተርን የሚጫኑት ሁሉንም ጨምረው ሲያበቁ ነው።

ሴሚኮለኑን በተመለከተ፣ ምልክቱ የዋቢዎቹን አጻጻፍ ከሚወስነው ከስታይሉ ፋይል የሚመጣ በመሆኑ ዎርድ ላይ በእጅ ቢያርሙት ዋቢው በታደሰ ቁጥር ድካምዎ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዞቴሮ ሴቲንግስ ውስጥ «ሳይት» ወደሚለው ይሂዱና «ስታይል ኤዲተር»ን ከፍተው ኤፒኤን ይምረጡ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የስታይሉን ርዕስና «አይዲ» (መለያ) ይቀይሩ፤ ይህን የዘለለ ሰው ዋናው ስታይል ሲታደስ እርማቱ ይጠፋበታል።

በፋይሉ ውስጥ «ዴሊሚተር» (delimiter፣ መለያያ ምልክት) የሚለው ቃል በብዙ ቦታ ስለሚገኝ የሚፈልጉትን ለይተው ያግኙ። ምንጭን ከምንጭ የሚለየው «ሳይቴሽን» በሚለው ክፍል ውስጥ ባለው «ሌይአውት» መስመር ላይ የተጻፈው ነው፤ «ቢብሊዮግራፊ» የሚለውም የራሱ ሌይአውት ስላለው እንዳይሳሳቱ። በጥቅስ ምልክቶቹ መካከል ያለውን ሴሚኮለን አጥፍተው «፤» ይጻፉና ከኋላው አንድ ባዶ ቦታ ይተዉ፤ ያን ባዶ ቦታ የረሳ ሰው ዋቢዎቹ ተጣብቀው ይወጡበታል። ምልክቱን በዩኒኮድ ኪቦርድ ይጻፉት፤ ከዩኒኮድ በፊት ከተሠሩት የግእዝ ፎንቶች ከቀዱት ስታይሉ ውስጥ ሲገባ የላቲን ፊደል ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ብዙዎችን የሚያደናግረው ደግሞ የአንድ ደራሲ ሁለት ሥራዎች በአንድ ቅንፍ ሲገቡ በዓመቶቹ መካከል የሚቀረው የላቲን ኮማ ነው። ይህን የሚወስነው «ሳይት-ግሩፕ-ዴሊሚተር» (cite-group-delimiter) የተባለው ባሕርይ ሲሆን በፋይሉ ውስጥ ሳይጻፍ ሲቀር ኮማው በነባሪነት ይሠራል፤ ፈልገው ስላላገኙት የለም ብለው አይተዉት፤ «ሳይቴሽን» በሚለው የመክፈቻ መስመር ላይ ራስዎ ይጨምሩትና «፣» ከባዶ ቦታ ጋር ይስጡት። በስምና በዓመት መካከል ያለው ኮማ ደግሞ ከሌይአውቱ ሥር ባለው «ግሩፕ» ወይም ያ ክፍል በሚጠራው ማክሮ (በፋይሉ ሌላ ቦታ ስም ተሰጥቶት በተጻፈ ክፍል) ውስጥ ይገኛል።

ምልክቱ በምንጩ ቋንቋ ስለማይቀያየር የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን ሲጠቅሱም ያው «፤» ነው የሚገባው፤ ጽሑፉ አማርኛ እስከሆነ ድረስ ይህ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ስታይሉን አስቀምጠው ከጫኑት በኋላ ዎርድ ላይ «ዶክዩመንት ፕሪፈረንስስ» ገብተው ይምረጡት፤ ጽሑፉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይቀየራል። ከዚያ በፊት ግን የመመረቂያ ጽሑፍዎን ፋይል ቅጂ ያስቀምጡ። ለመፈተሽ የአንድ ደራሲ ሁለት ሥራዎችንና የሌላ ደራሲ አንድ ሥራ በአንድ ሳጥን ያስገቡ፤ «(አበበ፣ 1998፣ 2001፤ ጫልቱ፣ 2003)» ሆኖ ሊወጣ ይገባል። ከዓመቶቹ መካከል ኮማው አሁንም ላቲን ከሆነ የጎደለው ወይም የተሳሳተው «ሳይት-ግሩፕ-ዴሊሚተር» የተባለው ባሕርይ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ ከሆነ ደግሞ ግሩፑን ወይም ማክሮውን ይመልከቱ።