ሚዛኑ ላይ፦ ስለ ቦክስ ክብደት ለጠየቃችሁን

(በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ውስጥ ክርክር ተነስቷል። ገሚሱ ማኒ ፓኪያው በ8 ክብደት ሻምፒዮን ሆኗል ይላል፤ ገሚሱ የለም 6 ነው ይላል። ደግሞስ ሰው ከ50 ኪሎ ተነስቶ 70 የሚደርሰው ዝም ብሎ በልቶ ነው?
*ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ ሁለቱም ወገን ልክ ነው፤ የቆጠሩት ነገር ግን ይለያያል። ፊሊፒናዊው ቦክሰኛ ፓኪያው ከአራቱ ትልልቅ የዓለም የቦክስ ድርጅቶች ቀበቶ የወሰደው በ6 ክብደት ነው። በ1998 በፍላይ (50.8 ኪሎ)፣ በ2001 በሱፐር ባንተም (55.3)፣ በ2008 በሱፐር ፌዘር (59 ገደማ) እና በላይት (61.2)፣ በ2009 በዌልተር (66.7)፣ በ2010 ደግሞ በሱፐር ዌልተር (69.9)። የቀሩት ሁለቱ፣ በ2003 በፌዘር ባሬራን እና በ2009 በሱፐር ላይት ሃተንን አሸንፎ ያገኛቸው፣ «በክብደቱ ቁንጮ እሱ ነው» የሚያሰኙ ማዕረጎች እንጂ የአራቱ ድርጅቶች ቀበቶዎች አይደሉም። እኛ 8 ከሚሉት ጋር ነን፤ ምክንያቱም ያኔ ባሬራን የረታ ሰው በዚያ ክብደት ማንም እንደማይቀድመው ብዙዎች ይስማሙ ነበር።

የኪሎው ነገር ግን ከክርክሩ የበለጠ ያስተምራል። በ2010 ማርጋሪቶን ገጥሞ የ69.9 ኪሎውን ቀበቶ ሲወስድ ሚዛን ላይ የወጣው 65.6 ኪሎ ሆኖ ነው። ተጋጣሚው 68 ነበር፤ ከዚያ እንዳይበልጥ አስቀድመው ተስማምተዋል። ስለዚህ ፓኪያው ለግጥሚያ ሚዛን ላይ ሲወጣ 70 ኪሎ ሆኖ አያውቅም። ከ50.8 ወደ 65.6 የወጣው በ12 ዓመት ነው፤ ሲካፈል በዓመት 1.2 ኪሎ ገደማ ይመጣል። በፕሮፌሽናልነት ሲጀምር ገና የ16 ዓመት ልጅ፣ የፍላይ ቀበቶውን ሲወስድም ገና 19 ነበርና ከጭማሪው የተወሰነው የራሱ እድገት ነው፤ የተረፈው ቀስ ተብሎ የተገነባ ጡንቻ ነው። ፍጥነቱ አብሮት የወጣው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በ1999 ታይላንድ ውስጥ የፍላይ ቀበቶውን ያጣው ገና አንድ ቡጢ ሳይሰነዘር፣ ሚዛን ላይ ነው። ክብደቱን መግባት አቃተው፤ በተዳከመ ሰውነት ገብቶም በ3ኛው ዙር ተዘረረ። ከዚያ ሁለት ክብደት ዘልሎ 55.3 ላይ ሲመለስ ሌላ ሰው ነበር።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፤ 63 ኪሎ እመዝናለሁ። ከ3 ሳምንት በኋላ ድሬ ላይ የአማተር ውድድር አለ። አሰልጣኜ «57 ግባ» ብሎኛል። እራት ትቻለሁ፤ ሲርበኝ ጫት ስቅም ረሃቡ ይጠፋልኛል። የመጨረሻዎቹን ቀናት ፌስታል ለብሼ በቀትር ልሮጥ አስቤያለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?
*ከሐረር*

መልስ፦ ወንድማችን፣ ፌስታሉን ዛሬውኑ ጣለው። ከዚያ ሂሳቡን አብረን እንሥራ።

6 ኪሎ ከሰውነትህ 9.5 በመቶ ነው። ጡንቻ ሳይበላ ስብ ብቻ የሚቀንሰው ቢበዛ በሳምንት 1 በመቶ፣ ላንተ 600 ግራም ገደማ ነው። በ3 ሳምንት ወደ 1.8 ኪሎ ይሆናል። የቀረው 4.2 ኪሎ ከየት ይምጣ? በአብዛኛው ከውሃ ነው። ከሰውነት 2 በመቶ ውሃ ሲጎድል፣ ላንተ ሊትር ከሩብ ማለት ነው፣ ትንፋሽህና እግርህ መድከም ይጀምራሉ። አንተ የታሰበልህ የዚያን ሦስት እጥፍ ያህል ነው።

ላብ ከደም ነው የሚወጣው። ደም ሲያንስ ልብ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ላቡም ይቀንሳል፤ ሙቀት ውስጥ ይቀራል። ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። ፌስታል ደግሞ መትነኑን ይከለክላል፤ ስለዚህ ላቡ ይፈሳል፣ ሰውነት ግን አይበርድም። በድሬ ቀትር ይህን ማድረግ ራስን መቀቀል ነው። በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ 3 የኮሌጅ ትግል ተወዳዳሪዎች ክብደት ለመግባት ላብ በሚያጠራቅም ልብስ ሙቀት ውስጥ ሲሠሩ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ተከታትለው ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ነው የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር ልብሱን የከለከለው። ስልጠና ላይ ያለ ጓደኛህ ቢዘባርቅ፣ ቢንገዳገድ፣ ላቡ በድንገት ቢቆም ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ውሃ እያፈሰሳችሁበት ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ «ትንሽ ይረፍ» አትበሉ።

በቴሌቪዥን የምታያቸው ፕሮፌሽናሎች የሚመዘኑት ከግጥሚያው አንድ ቀን ቀድሞ ነው። ለመጠጣትና ለመብላት 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ አላቸው። በአማተር ግን ጠዋት ተመዝነህ በዚያው ቀን ትገጥማለህ። የጎደለ ውሃ በጥቂት ሰዓት አይመለስም፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.5 ሊትር ገደማ ቀስ እያሉ መጠጣት ይፈልጋል። በዚያ ሁኔታ ጭንቅላት ላይ ቡጢ መቀበል ደግሞ ለየትኛውም ሜዳሊያ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ጫቱ ረሃብን ይገድላል፣ እውነት ነው። እንቅልፍህንም ይወስዳል፤ የልብ ምትና የሰውነት ሙቀትም ይጨምራል፤ በጉድለቱ ላይ ሌላ ጭነት ነው። በዚያ ላይ ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገሩ በዓለም ፀረ ዶፒንግ ዝርዝር ውስጥ ውድድር ላይ የተከለከለ ነው፤ ካቲን የሚባለውም ሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮ ግራም ሲያልፍ ያስቀጣል። ሽንት የሚያስወጡ ክኒኖች ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ክልክል ናቸው።

ታዲያ ምን ታድርግ? አሰልጣኝህን የውድድሩን የክብደት ሰንጠረዥ እንዲያሳይህ ጠይቀው፤ ከውድድር ውድድር ይለያያል። በፓሪስ ኦሎምፒክ ከ57 ቀጥሎ የነበረው 63.5 ነው። እንዲህ ከሆነ ምንም ሳትቀንስ ያንተ ቦታ እሱ ነው። 60 ካለ ግን ትቀርበዋለህ፤ የሚቀርህ ከአንድ ኪሎ በታች ይሆናል፤ እሱን ከውሃ ለመቀነስ አትሞክር። ቁርስህን አትተው፤ እንጀራውን ወደ ግማሽ አውርድ፤ ሳምቡሳና ለስላሳ ይቅር፤ የሻይ ስኳርህን ቁጠር። ጡንቻህ እንዳይሄድ በቀን ከ100 ግራም የማያንስ ፕሮቲን ያስፈልግሃል፦ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ ይሰጥሃል። በመጨረሻዎቹ 2 ቀናት ፉልና ጥሬ አትክልት ትተህ ሩዝና እንቁላል ብትበላ ሆድህ ውስጥ የሚቆየው ስለሚያንስ ግማሽ ኪሎ ያህል ይወርዳል፤ ውሃህን ግን ጠጣ።

በየጠዋቱ ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ ሳትበላ፣ በዚያው ሚዛን ተመዝነህ ጻፍ። ሚዛኑን ለመፈተን 6 ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ ጫንበት፤ ከ12 ኪሎ በጥቂት መቶ ግራም ብቻ ሊበልጥ ይገባል። 11 ወይም 13 ካለህ ሚዛኑ ነው የሚያታልልህ። ከውድድሩም ቀደም ብለህ ወደ ድሬ ውረድ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ገደማ። ከደንገጎ ቁልቁል ስትወርድ የምትገባበትን ሙቀት ሰውነት የሚለምደው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ነው። ዘመድ ካለህ ሳምንት ቀድመህ እዚያ ሥራ።

ጥያቄ፦ ሮይ ጆንስ ሄቪ ወጥቶ ካሸነፈ በኋላ ለምን ወደቀ?
*ከመጋላ፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ መውጣቱ አልጎዳውም፤ የጎዳው መመለሱ ነው ብለን እናምናለን። አሜሪካዊው ቦክሰኛ በ2003 መጀመሪያ በሄቪ፣ ማለትም በከባዱ ክብደት፣ 102 ኪሎ የሚሆነውን ጆን ሩዪዝን 87.5 ሆኖ በነጥብ አሸነፈ። ከ8 ወር በኋላ ታርቨርን የገጠመው በ79.4 ገደብ ነው። ዕድሜው 34 ነበር፤ ያን 8 ኪሎ ለማግኘት የደከመበትን ጡንቻ ራሱ ማፍረስ ነበረበት። ያን ግጥሚያ በጭንቅ በነጥብ ወሰደ፤ በ2004 በድጋሚ ሲገናኙ በ2ኛው ዙር ተዘረረ። ወደ ላይ ስትወጣ ምግብና ጊዜ ያግዙሃል፤ ስትወርድ የሚያግዝህ የለም።

ጥያቄ፦ ክብደት ስንጨምር ጓንቱም ይቀየራል?
*ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ በፕሮፌሽናል አዎ። እስከ 66.7 ኪሎ ባለ 8 አውንስ (227 ግራም)፣ ከዚያ በላይ ባለ 10 (283 ግራም) መጠቀም የተለመደ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በ9ኛው ዙር ግን እጅ ከአገጭ በታች ሲወርድ ይታያል። ክብደት ለመውጣት ያሰበ ሰው ስፓሪንጉን (የልምምድ ግጥሚያውን) በ16 አውንስ ይሥራ።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ክለብ ገብቶ «ኪሎ ቀንስ» ስላሉት ምሳ መብላት አቁሟል። እናት ነኝ፤ ጨንቆኛል።
*ከከዚራ፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ እናታችን፣ መጨነቅዎ ተገቢ ነው። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ እያደገ ነው፤ ክብደት መቀነስ የለበትም። አሰልጣኙን «ልጄ በሚመዝነው ይግጠም፤ ካልሆነ ዘንድሮ ይለማመድ እንጂ አይወዳደር» ይበሉት። ምሳውን ዛሬውኑ ያስጀምሩት፤ በየወሩም ቁመቱንና ኪሎውን አብረው ይጻፉ። ቁመቱ እየጨመረ ኪሎው ባለበት ከቆመ ወይም ከቀነሰ ለሐኪም ያሳዩት።