ከለላው ጨርቅና ስልኬ

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ጨርቅ ላመጣ ከሐይቅ ወደ ደሴ ስሄድ ኬላ ላይ ከሚኒባስ አስወረዱን። ሴቶቹን ሴት ፈታሽ በጨርቅ ከለላ ውስጥ ፈተሸችን፤ ምንም አላልኩም። ከዚያ አንድ ወጣት «ስልክ ክፈቱ» አለ፤ ከፈትኩ። ፎቶዎቼን እየገፋ ሲያይ ትልቋ ልጄ ለሠርጓ ሹሩባ ስትሠራ ካነሳኋት ላይ ደረሰ። ሻሽ የላትም። ከአባቷና ከወንድሞቿ በቀር ያንን ፀጉር ወንድ አይቶት አያውቅም። ቆም ብሎ አየው። ቴሌግራሜን ከፍቶ ደግሞ የዕቁባችንን መልእክት አነበበ። ወላሂ ፍተሻ አልጠላም፤ 2014ን ያየ ሰው እንዴት ይጠላል? ግን እምቢ ማለት እችል ነበር ወይ? ለልጄ እስካሁን አልነገርኳትም።
እናት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የጨርቁ ከለላ የፈታሾቹ ደግነት ብቻ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘን ሰው የሚፈትሸው ፆታው አንድ የሆነ ሰው ይሁን ይላል። ያኔ የሴት ገመና ቀሚሷና ሳጥኗ ውስጥ ነበር። ዛሬ የልጅዎ ፀጉር፣ የዕቁቡ ሒሳብ፣ የሐኪም ወረቀቱ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ገብቷል፤ ጨርቁ ግን አካልን ብቻ ከልሎ ቀረ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰውነትንና ንብረትን ከፍተሻ ይጠብቃል፤ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የምንለዋወጠውንም እንዲሁ። መንግሥት ይህን መብት የሚገድበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ ያውም በዝርዝር ሕግ ነው። የአገር ደህንነትና ወንጀልን መከላከል ከተጠቀሱት ምክንያቶች ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ «ለደህንነት ነው» ሲባል ባዶ ቃል አይደለም። ግን «በየትኛው ሕግ?» የሚለውም መመለስ አለበት። ማን በምን እንደተጠረጠረ ሳይነገር የተሳፋሪውን ሁሉ ስልክ ማስከፈት መልስ አይሆንም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲሠራ ነገሩ ሌላ ነበር፤ አንቀጽ 26 በእንዲህ ያለ ጊዜ ሊታገድ ከሚችሉት መብቶች አንዱ ነው። ያ አዋጅ በ2016 አብቅቷል።

እኔም በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እናቴን ደግፌ በእግር የወጣሁ ነኝ። ቦርሳው ይፈተሽ፣ መኪናው ይፈተሽ። የልጃገረድ ፎቶ ላይ ቆም ያለ ሰው ግን በዚያች ደቂቃ ማንንም አልጠበቀም።

መሣሪያ ከያዘ ሰው ጋር ግን መንገድ ላይ አይከራከሩ። «ልጄ፣ ማዘዣ አለህ ወይ? ካልሆነ ሴቷ ትየው» ይበሉ፤ ካስገደደዎ ይክፈቱለትና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ቤት ሲገቡ ይጻፉት። ለእንባ ጠባቂ ወይም ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ያመልክቱ።

ለልጅዎም ይንገሯት። ፎቶው የእሷ ነው፤ ስሟ አቤቱታው ላይ ይግባ አይግባ የምትወስነው እሷ ናት። እሺ ካለች ሁለታችሁም ደሴ ስትመጡ እኔ ዘንድ ኑ፤ ማመልከቻውን ቁጭ ብለን አብረን እንጽፋለን፣ ክፍያ የለውም።