ዳሞዳር፦ ገመዱ ሁለት ጣት ያጠረበት ልጅ

ስለ ሂንዱዎች አምላክ ስለ ክሪሽና ስሞች ከጻፍኩ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ «ዳሞዳር» በሚለው ስም ላይ ናቸው። ዛሬ በእነሱ ላይ እንቆይ።

ጥያቄ፦ ዳሞዳር ቃሉ ምን ማለት ነው?

ሳንስክሪት ነው። «ዳማ» ገመድ፣ «ኡዳራ» ሆድ፤ ሲጋጠሙ «ሆዱ በገመድ የታሰረ»። ማሃባራታ በተባለው ጥንታዊ የህንድ የግጥም ታሪክ ከተዘረዘሩት ከ1,000ዎቹ የቪሽኑ ስሞች አንዱ ነው፤ ክሪሽና በሰው አምሳል የተገለጠ ቪሽኑ ነው ተብሎ ይታመናል።

ጥያቄ፦ አምላክን «የታሰረ» ብሎ መጥራት ማዋረድ አይሆንም?

መጀመሪያ ስሰማው እኔም ግር ብሎኝ ነበር። ታሪኩ ያለው ባጋቫታ ፑራና በሚባለው የሂንዱ ቅዱስ ድርሳን 10ኛው መጽሐፍ ውስጥ ነው። አሳዳጊ እናቱ ያሾዳ እርጎ ስትንጥ ሕፃኑ ክሪሽና ጡት ፈልጎ መጣ። እያጠባችው ሳለ ምድጃ ላይ የጣደችው ወተት ገነፈለና አስቀምጣው ሮጠች። ልጁ ተናዶ የእርጎውን ማሰሮ በድንጋይ ሰበረው። ስትመለስ የተደፋ ሙቀጫ ላይ ተቀምጦ ቅቤውን ለጦጣ ሲያድል አገኘችው። ዱላ ይዛ አባረረችው፤ ስትይዘው እያለቀሰ ዓይኑን ያሻል፣ ኩሉ ፊቱ ላይ ተዝረክርኳል። አንጀቷ ተላወሰ፤ ዱላውን ጥላ ከሙቀጫው ጋር ልታስረው ገመድ አመጣች።

ገመዱ ሁለት ጣት አጠረ። ሌላ ቀጠለችበት፤ አሁንም ሁለት ጣት። ቤት ያለው ገመድ ሁሉ ተቀጥሎ ያው ሁለት ጣት! ላብ በላብ ሆና፣ የጠጉሯ አበባ ሲረግፍ ልጁ አያት፤ አዘነላትና እሺ ብሎ ታሰረላት።

በምሥራቅ በኩል ባለው በቤንጋል አገር የክሪሽና ምእመናን ዘንድ የቆየ ትርጓሜ አለ፦ አንዱ ጣት የሰው ድካም፣ ሁለተኛው የአምላክ ቸርነት ነው፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ገመዱ አይደርስም። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ማብራሪያ አላገኘሁም። ዓለምን የያዘው በእናቱ እጅ ሲታሰር ማየት ለእነሱ ከምስጋናዎች ሁሉ የጣፈጠው ነው።

ጥያቄ፦ ሌላ ፍቺስ የለውም?

አለው። የጥንቱ የሂንዱ ፈላስፋ የሻንካራ ነው በሚባለው ማብራሪያ «ዳማ» ራስን ከመግዛት ጋር ተያይዞ፣ «ራሱን በገዛ፣ በጠራ ልቡና የሚታወቅ» ተብሎም ይፈታል። ጥልቅ ነው፤ ሕዝቡ የሚወደው ግን የገመዱን ነው።

ጥያቄ፦ የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሙሉ ስም ናሬንድራ ዳሞዳርዳስ ሞዲ ነው። ከዚሁ የመጣ ነው?

አዎ። ዳሞዳርዳስ የአባታቸው ስም ነው፤ በትውልድ ግዛታቸው በጉጃራት እንደኛው የአባት ስም ከራስ ስም ቀጥሎ ይገባል። «ዳስ» አገልጋይ ነው። እኛ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ እንደምንለው «ገብረ ዳሞዳር» ብትሉት አትሳሳቱም።

ጥያቄ፦ ክሪሽና በልጅነቱ ኖሮባታል በምትባለው ከተማ በቭሪንዳቫን ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ወር አለ ይባላል፤ መቼ ነው?

ካርቲክ የሚባለው ወር ነው፤ በእኛ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይውላል። በየምሽቱ ምእመናን ትንሽ የሸክላ ኩራዝ ላይ የጥጥ ክር አኑረው፣ ከሙቀጫ ጋር በታሰረው ልጅ ሥዕል ፊት ያበራሉ፤ ስምንት አንጓ ያለው የዳሞዳር መዝሙርም ይዘመራል። ኩራዙ የሚነደው በነጠረ ቅቤ ነው።